ኢኮው ደህና ከሆነ ለምን መቆም አቃተኝ?

ከደብረ ብርሃን የጻፉልን ጠያቂ የ34 ዓመት መምህርት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ታይፎይድ ነው በተባለ ኃይለኛ ትኩሳት ሁለት ሳምንት ተኝተው ነበር፤ ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ ድካሙ ግን እስከ ዛሬ አብሯቸው አለ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው ሲነሡ እንቅልፍ ያልወሰደው ሰው ይመስላሉ። ሰሌዳ ፊት ሩብ ሰዓት ያህል ሲቆሙ ልባቸው በኃይል ይመታል፣ ዓይናቸው ብዥ ይላል፣ ሊናገሩ ያሰቡት ቃል ይጠፋባቸዋል። እሑድ ቅዳሴ ቆመው ካስቀደሱ ቆይተዋል። ልብስ ያጠቡ ወይም ቤት ያጸዱ እንደሆነ ያን ዕለት ደህና ውለው በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ከአልጋ መነሣት ያቅታቸዋል። ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ተነሥተው ሁለቱም ደህና ናቸው ተብሏል፤ የመጨረሻው ሐኪም ደግሞ «ጭንቀት ነው፣ ስፖርት ሥሪ» ብሎ ሸኝቷቸዋል። የሚጠይቁት ይህን ነው፦ ልቤ ደህና ከሆነ ለምን መቆም አቃተኝ? ግሉኮስ በተሰጠኝ ቁጥር ለአንድ ሁለት ቀን የሚሻለኝስ ለምንድን ነው? ስፖርት ብጀምር ልቤ ይጠነክራል ወይስ ይብስብኛል? ውሎ አድሮስ ልቤ ይደክም ይሆን?

ውድ መምህርት፣ ከላኩልኝ ወረቀቶች ሁሉ ኢኮውን አስቀድማለሁ፤ ግራ ያጋባዎት እሱ ነውና። ምርመራው በትክክል ተሠርቷል፤ የተጠየቀውንም መልሷል። ነገር ግን ኢኮ የሚነሣው ሰው በግራ ጎኑ ተጋድሞ ነው፤ የእርስዎ ችግር ደግሞ ሲቆሙ የሚመጣ ነው። ወረቀቱ ላይ 62 በመቶ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የሚናገረው፣ ወደ ግራው የልብ ክፍል ከገባው ደም ውስጥ በአንድ ምት ምን ያህሉ እንደሚረጭ ነው። ከ55 በመቶ በላይ መሆኑ የልብዎ ጡንቻ ብርቱ መሆኑን ያሳያል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ድርሻን እንጂ መጠንን አይገልጽም። ወደ ልብ 120 ሚሊ ሊትር ደም ቢገባና 62 በመቶው ቢረጭ 74 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል፤ 80 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢገባ ደግሞ የሚረጨው 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ 62 ተብለው ይጻፋሉ፤ አንጎልና ጡንቻ የሚደርሳቸው ደም ግን በእጅጉ ይለያያል። ወፍጮው ደህና ሆኖ ከላይ የሚወርድለት እህል ቢያንስ ዱቄቱ ማነሱ አይቀርም፤ ወፍጮውን ደጋግሞ መፈተሽም የእህሉን ማነስ አያሳይም። ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም (ለወራት የማይለቅ፣ ከእንቅስቃሴ በኋላ የሚብስ የድካም ሕመም) ባለባቸው፣ ምልክታቸውም እንደ እርስዎ በሆነ ሕሙማን ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታየው ይህ ነው፤ ጉዳዩ የልብ መድከም ሳይሆን፣ ሰውየው ሲቆም ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ማነስ ነው።

ሰው ከተኛበት ሲነሣ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚጠጋ ደም በመሬት ስበት ወደ እግር፣ ወደ ዳሌና ወደ ሆድ ዕቃ ይወርዳል። በጤናማ ሰው ዘንድ ይህ በሰከንዶች ውስጥ ይካካሳል። አንገትና ደረት ውስጥ ባሉት ትልልቅ ደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ የግፊትን ለውጥ የሚያውቁ ነርቮች አሉ፤ እነሱ ለአንጎል ሲያሳውቁ አንጎል እኛ ሳናዝዘው በሚሠራው የነርቭ ሥርዓት በኩል የደም ሥሮች እንዲጠብቡ ያደርጋል፣ የባት ጡንቻዎችም ደም መልሶችን እየጨመቁ ደሙን ወደ ላይ ይገፉታል፣ የልብ ምትም በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ያህል ይጨምራል። ይህ ሁሉ እንዲሳካ በደም ሥር ውስጥ በቂ ደም መኖር፣ ደም መልሶቹ በጊዜው መጥበብ፣ ነርቩም በልክ መሥራት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ልብ የሚረጨው ደም ያንሳል፤ ልብም ያነሰውን በፍጥነት ለማካካስ ይሮጣል። ሰሌዳው ፊት የሚሰማዎት ያ ምት ልብ የታመመ ስለሆነ የሚመጣ አይደለም፤ ጤናማ ልብ የጎደለውን ለመሙላት የሚያደርገው ጥረት ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስልዎት ከተሠሩት ጥናቶች ጥቂቶቹን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ስትሪተንና ቤል የተባሉ ሐኪሞች ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም ባለባቸው ሰዎች ላይ የደም መጠንን ለክተው፣ በብዙዎቹ ዘንድ የቀይ የደም ሕዋስ ብዛት ከሚገባው በታች ሆኖ አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፔከርማንና ባልደረቦቹ ሕመሙ በጠናባቸው ሰዎች ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም አነስተኛ መሆኑን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዝ፣ ኒውካስል ውስጥ በኤምአርአይ የተሠራው ጥናት ደግሞ የሕሙማኑ የልብ ክፍሎች የሚይዙት ደም ከጤናማዎቹ ያነሰ መሆኑን አረጋግጦ፣ ይህ መቀነስ ሕመሙ ከጀመረ ካለፈው ጊዜ ርዝመት ጋር እንደማይያያዝ ጨምሮ ገልጿል። የመጨረሻዋ ነጥብ ቀላል አይደለችም፤ ጉዳዩ ብዙ ከመተኛት የመጣ ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ በቆየ ቁጥር ልብ እያነሰ መሄድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ቦስተን ውስጥ ሲስትሮምና ባልደረቦቹ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብተው ሕሙማኑ ብስክሌት እየገፉ ሳለ ለክተው፣ ወደ ቀኝ የልብ ክፍል የሚመለሰው ደም ግፊቱ ዝቅተኛ ሆኖ አገኙት፤ በአንዳንዶቹ ዘንድ ደግሞ ደሙ በበቂ ሲደርስም ጡንቻው ከደሙ ውስጥ ኦክስጅን በሚገባ አያወጣም ነበር። ስለዚህ ሁሉም ሕመምተኛ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እኔም ሳላይዎት የእርስዎ የትኛው ነው ብዬ አልደመድምም።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የኔዘርላንዱ ነው። ቫን ካምፐንና ፊሰር ከአሜሪካዊው ሐኪም ከሮው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ከ400 በላይ ሕሙማንን ቀስ እያለ በሚቆም አልጋ ላይ አስተኝተው፣ ወደ አንጎል የሚወጡትን የአንገት ደም ቅዳዎች በዶፕለር አልትራሳውንድ ለክተዋል። ጤናማዎቹ ሲቆሙ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በአማካይ በ7 በመቶ ቀነሰ፤ ሕሙማኑ ግን በ26 በመቶ። ከዚህም የሚገርመው፣ ሲቆሙ የደም ግፊታቸውና የልብ ምታቸው እንደ ጤናማ ሰው የሆነ ብዙ ሕሙማንም ይኸው መቀነስ ታይቶባቸዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ቆሞ ግፊቱ ቢለካና 110 በ70 ቢሆን እንኳ አንጎሉ በቂ ደም አግኝቷል ማለት አይቻልም። ቃል የሚጠፋብዎት፣ ዓይንዎ ብዥ የሚለው፣ ተማሪ የጠየቀዎትን ሁለት ጊዜ እንዲደግምልዎ የሚያደርግዎት ነገር ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ጭንቀት ነው የተባሉት ምናልባት ልብዎ ሲመታና እጅዎ ሲንቀጠቀጥ ታይቶ ይሆናል፤ ልብን የሚያስሮጠው ኖርአድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ሲበዛ የሚያመጣው ምልክት ከጭንቀት ጋር ይመሳሰላልና። መለያው ቀላል ነው፦ ጭንቀት ተኝተውም ይመጣል፤ የእርስዎ ግን ሲጋደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይተዋል ብለው ጽፈዋል።

ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም ነው ከማለታችን በፊት ግን መጣራት ያለባቸው ነገሮች አሉ። በአገራችን ወጣት ሴት ደክሟት፣ ዳገት አቅቷት፣ ልቧ እየመታ ስትመጣ የማንኛውም ሐኪም የመጀመሪያ ሐሳብ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ በተለይም የሚትራል ቫልቭ መጥበብ መሆን አለበት፤ ኢኮዎ ይህን ስላጣራልን ገንዘብዎ በከንቱ አልወጣም። የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር ሕመም፣ የኤችአይቪና የኩላሊት ምርመራ እንዳደረጉ ጽፈዋል። የጎደሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው የታይሮይድ (የእንቅርት) ዕጢን ሥራ የሚያሳየው ቲኤስኤች ነው፤ እንቅርት በሚበዛበት ደጋ አገር እየኖሩ ይህን አለማየት አይገባም። ሁለተኛው የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ነው።

ስለ ሁለተኛው ትንሽ ልቆይ። ሄሞግሎቢንዎ 12.4 ነው፤ ላቦራቶሪው «ኖርማል» ብሎታል። ነገር ግን 12 የሚለው ወሰን ለባሕር ጠረፍ ሰው የተቀመጠ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከጠረፉ ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለከፍታ ቦታ ወሰኑ ከፍ እንዲል ይመክራል። ለረጅም ዓመት ሲሠራበት በቆየው ሠንጠረዥ በ2,500 ሜትር ላይ 1.3 ይጨመርበታል፤ በዚያ ስሌት የእርስዎ 12.4 ደም ማነስ ነው። የኢትዮጵያ ደገኛ ከሌሎች ተራራማ አገሮች ሰው የተለየ መሆኑም ይታወቃል፦ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቤል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው የሴቶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15 ሆኖ አግኝተውታል። በየትኛውም መለኪያ ቢሄዱ 12.4 ለደብረ ብርሃን ሴት የሚያስደስት ቁጥር አይደለም። የብረት ማነስ ብቻውን የሁለት ዓመት ድካምዎን ሁሉ ላያብራራ ይችላል፤ ነገር ግን ቀድሞውኑ ባነሰ ደም ላይ ሌላ ጉድለት ይጨምራል፤ ደግሞም በቀላሉ የሚታከም ነው። ዘመዶችዎ «ደጋው ነው የጎዳሽ» የሚሉት ግን አያስኬድም። ተወልደው ያደጉበት ደጋ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊትም እዚያው ነበሩ።

ታይፎይድ ነው የተባለውን በተመለከተ፣ ቪዳል የተባለው ምርመራ አንድ ጊዜ ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም፤ «ታይፎይዱ አልለቀቀሽም» እየተባለ በየሦስት ወሩ የሚታዘዝልዎትን ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ያቁሙት። የበሽታው ስም ምንም ይሁን ምን ከኃይለኛ ኢንፌክሽን በኋላ እንዲህ ያለ ድካም መቅረቱ የታወቀ ነው። አውስትራሊያ፣ ደቦ በተባለ አካባቢ በተለያዩ ተላላፊ በሽታዎች የተያዙ 253 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ከአሥሩ በአንዱ ላይ ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም አግኝቷል፤ ኖርዌይ፣ በርገን ከተማም እ.ኤ.አ. በ2004 የመጠጥ ውሃው በጃርዲያ ተበክሎ ብዙ ሰው ከታመመ በኋላ ድካሙ ለዓመታት የቀረባቸው ጥቂቶች አልነበሩም። ኮቪድም ከዚያ ወዲህ ይህንኑ በስፋት አሳይቷል።

ሕመሙን ለመሰየም እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ያወጣው መስፈርት ከስድስት ወር በላይ የቆየና የቀድሞውን ሥራ የሚያስተጓጉል ድካም፣ ከእንቅስቃሴ በኋላ ዘግይቶ የሚመጣ መባባስ፣ እረፍት የማይሰጥ እንቅልፍ፣ ከእነዚህም ጋር የማሰብ መደናገር ወይም ሲቆሙ የሚብስ ምልክት እንዲኖር ይጠይቃል። የጻፉት ሁሉንም ያሟላል። ነገር ግን ከሁሉ በላይ ይህን ሕመም ከተራ ድካም የሚለየው ሁለተኛው፣ ማለትም ልብስ ባጠቡ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ የሚጥልዎት ነገር ነው።

አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ፤ ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠዋት ቁርስና ቡና ሳይቀምሱ፣ ከጎንዎ አንድ ሰው ቆሞ፣ በክንድ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ይዘው ለአሥር ደቂቃ በጀርባዎ ይጋደሙ፤ በመጨረሻው ደቂቃ ግፊትዎንና የልብ ምትዎን ይመዝግቡ። ከዚያ ይነሡና ጫማ አውልቀው፣ ተረከዝዎን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቀው፣ ትከሻዎን ብቻ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይቁሙ። አይወዝወዙ፣ እግር አይለዋውጡ፣ አያውሩ። ለአሥር ደቂቃ በየደቂቃው ሁለቱን ቁጥሮችና የተሰማዎትን ይጻፉ። ራስዎን ሊስቱ ከመሰለዎት ወዲያው ይጋደሙ፤ እስከዚያ የተመዘገበው ይበቃል። የልብ ምትዎ ከተኙበት ሲነጻጸር በ30 እና ከዚያ በላይ ጨምሮ እዚያው ከቆየ፣ የላይኛው ግፊት ደግሞ ካልወረደ፣ ፖትስ የሚባለው ሁኔታ ነው፤ ከ12 እስከ 19 ዓመት ላሉት ወሰኑ 40 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች የላይኛው ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሌላ ስም አለው፤ ያኔ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች መታየት አለባቸው። እግርዎንም ይመልከቱ፤ ብዙዎች ላይ ጣቶቹና ቁርጭምጭሚቱ ወደ ወይን ጠጅነት ይለወጣሉ። ቁጥሮቹ ሁሉ ደህና ሆነው ምልክቱ ግን ከመጣ ከላይ የጠቀስኩትን የኔዘርላንዱን ጥናት ያስታውሱ፤ «ምንም የለብኝም» ብለው አይደምድሙ። ሠንጠረዡን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ፤ ከረጅም ታሪክ ይልቅ የአሥር ደቂቃ ቁጥሮች ሐኪምን ያሳምናሉ፤ እኛ ሐኪሞች ልማዳችን ይኸው ነው።

ግሉኮሱ ለምን እንደሚያሻልዎት አሁን ግልጽ የሆነ ይመስለኛል፤ እንዲያውም ምርመራ እንደሆነ ቁጠሩት። ደም ሥር ውስጥ ፈሳሽ ሲጨመር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይበዛል፣ ሲቆሙም ይችላሉ፤ ፈሳሹ በሽንት ሲወጣ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ስኳሩ ኃይል ሰጠኝ የሚለው እምነት ግን ስሕተት ነው። ከአንድ ሊትር የስኳር ውሃ ደም ሥር ውስጥ የሚቀረው አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከአንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን ደግሞ ሩብ ያህሉ ይቀራል፤ «ግሉኮስ» ተብሎ ከተሰጠዎት ውስጥ የሠራልዎት ከስኳሩ ይልቅ ጨው ያለበት ከረጢት ነው ማለት ነው። በየሳምንቱ ክሊኒክ እየሄዱ መርፌ መተከል የደም ሥርን ያበላሻል፣ ኢንፌክሽንም ያስገባል፤ ስለዚህ አልመክርዎትም። በጤና ኬላ የሚታደለው ኦአርኤስ ይኸንኑ ሥራ በአፍ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኒው ዮርክ ውስጥ ፖትስ ባለባቸው ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በአፍ የተጠጣው ኦአርኤስ ቆሞ የመቆየትን አቅም በማሻሻል በደም ሥር ከሚሰጠው ሳላይን እንደማያንስ አሳይቷል። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው፣ ረጅም የሚቆሙበት ቀን ከሆነ ከቤት ሳይወጡ ግማሹን ቶሎ ብለው ይጠጡት፤ የቀረውን ቀስ እያሉ።

በአጠቃላይ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽ ያስፈልግዎታል። ስለ ጨው የፖትስ መመሪያዎች በቀን ከምግብ ጋር ተደምሮ ከ10 እስከ 12 ግራም ይላሉ፤ ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ለሌላው ሰው ከሚመክረው 5 ግራም በእጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ መድከም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ እርጉዝም ከሆኑ ያለ ሐኪም አይጀመርም። የእርስዎ ግፊት ተጋድመው 100 በ65 ነው፣ ኩላሊትዎም ደህና ነው፤ ስለዚህ ሊሞክሩት ይችላሉ፣ ግን በየሳምንቱ ግፊትዎን እየለኩ። ሽሮውና ወጡ ውስጥ ያለውን ጨው መቁጠርዎን አይርሱ።

እዚህ ላይ ጾሙ ይመጣል። ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የደም መጠን ላነሰው ሰው ከባድ ነው፤ በሁዳዴ መጨረሻ ሳምንታት አልጋ ላይ የዋሉትም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ በሃይማኖት ጉዳይ የማዝዝ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው ቦታ እንዳላት ያውቃሉ፤ ጉዳዩን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩና ቢያንስ ውሃና ኦአርኤስ ጠዋት እንዲፈቀድልዎ ይጠይቁ፤ የምግቡን ዓይነት ግን እንደ ጾሙ ሊጠብቁ ይችላሉ። በቅዳሴም ጊዜ ሴቶች በሚቆሙበት ጥግ በርጩማ ይዘው ይቀመጡ። መቆም ግዴታ በሚሆንበት ሰዓት ጭንዎን አቆላልፈው ጡንቻውን ጭብጥ ያድርጉ፣ ወይም በእግር ጣት ደጋግመው ይነሡ፤ ይህ የባት ጡንቻን አሠርቶ ደሙን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ለመሄድ እንዳሰቡም ጽፈዋል፤ ይሂዱ፤ ግን ባዶ ሆድ፣ የረጅም መንገድ ጉዞና በሰልፍ መቆም በአንድ ቀን እንዳይደራረቡብዎት ቀኑን ይከፋፍሉት።

ከቆመ ሰው የሚወርደው ደም ብዙው የሚከማቸው በሆድ ዕቃና በዳሌ ነው፤ ስለዚህ ሆድን መጠገን እግርን ብቻ ከመጠገን የተሻለ ይሠራል። ለዚህ የሚሸጠው እስከ ወገብ የሚደርስ የሚጨምቅ ካልሲ በአቅራቢያዎ ላያገኙት ይችላሉ፤ እስኪገኝ ድረስ እናቶቻችን ከወሊድ በኋላ የሚታጠቁት ሰፋ ያለ መቀነት፣ ሲነሡ ታጥቀውት ሲተኙ የሚፈቱት ከሆነ፣ ሊሞከር የሚገባው ነው፤ ትንፋሽ ማሳጠር ግን የለበትም። ሙቀት የቆዳን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ጣርማበርን ወርደው ሸዋ ሮቢት ዘመድ ጋ ሲሄዱ የሚብስብዎት ለዚህ ነው፤ በሞቀ ውሃ ቆሞ መታጠብም፣ ጠላና አረቄም እንዲሁ ናቸው። የምጣድ ሥራ ደግሞ ሙቀትንና ጎንበስ ቀና ማለትን አንድ ላይ ያመጣል፤ ተቀምጠው ይጋግሩ፣ ካልሆነም ሌላ ሰው ይጋግር።

ወደ ስፖርቱ እንምጣ። «ስፖርት ሥሪ» የተባሉት በቅን ልቦና ነው፤ ለተራ ድካም ትክክል፣ ለእርስዎ ግን አደገኛ ምክር ነው። የዚህ ሕመም መለያ ከአቅም በላይ የተደረገ እንቅስቃሴ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ዘግይቶ ማንኮታኮቱ ነው። ሰውን ሁለት ቀን ተከታታይ በብስክሌት የሚፈትኑ ጥናቶች ይህን በመሣሪያ አሳይተውታል፤ እንቅስቃሴ ያልለመደ ጤናማ ሰው በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያውን ያህል ይሠራል፤ እነዚህ ሕሙማን ግን በሁለተኛው ቀን ጡንቻቸው ያለ በቂ ኦክስጅን መሥራት የሚጀምረው በአነስተኛ ሥራ ላይ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ መመሪያ አውጪ አካልም እ.ኤ.አ. በ2021 በየሳምንቱ እየጨመሩ የሚሠሩትን ስፖርት እንደ ሕክምና እንዳይታዘዝ ከልክሏል። ያ ማለት ግን ፈጽሞ መተኛት ማለት አይደለም፤ ፍጹም መተኛትም የደም መጠንን ይቀንሳልና። ልኩ በማግሥቱ የማይጥልዎት መጠን ነው። እንደ መነሻ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የሚለኩትን የልብ ምት የሰባት ቀን አማካይ ወስደው 15 ይጨምሩበት፤ ሥራ ሲሠሩ ከዚያ ብዙ ካለፈ ይቀመጡ። ፖትስ ካለብዎት መቆም ብቻውን ያን ቁጥር ያልፋል፤ ይህም የሚነግርዎት ሽንኩርት መክተፍም ሆነ ደብተር ማረም ተቀምጠው መሆን እንዳለበት ነው። ልብስ ማጠቡን በአንድ ቅዳሜ አይጨርሱት። እግርዎን ማጠንከር ከፈለጉ ምንጣፍ ላይ ተጋድመው እግር በማንሣት ይጀምሩ፤ ሁለት ቀን ጠብቀው ካልጣለዎት ብቻ ይደግሙታል። ትምህርት ቤትዎን ደግሞ ወንበርና ምድር ቤት ያለ ክፍል ይጠይቁ፤ ሐኪምዎ ከግድግዳው ምርመራ ውጤት ጋር ደብዳቤ ቢጽፍልዎ ርእሰ መምህሩ እምቢ የሚል አይመስለኝም።

መድኃኒት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። የልብ ምቱ በጣም የሚሮጥ ከሆነ ፕሮፕራኖሎል በትንሹ፣ ለምሳሌ 20 ሚሊ ግራም፣ ሊረዳ ይችላል፤ ፖትስ ላይ የተደረገ ጥናት ትንሹ መጠን ከ80 ሚሊ ግራም የተሻለ ምልክት እንደሚያቃልል አሳይቷል። አስም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። ፍሉድሮኮርቲዞን በሰፊው ይታዘዝ ነበር፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2001 በ100 ሰዎች ላይ የተሠራው ጥናት ብቻውን ሲሰጥ ከባዶ ክኒን እንደማይሻል አሳይቷል። ፒሪዶስቲግሚን የተባለው የጡንቻ ድካም መድኃኒት በቦስተኑ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 በአንድ ጊዜ መጠን ተሞክሮ የእንቅስቃሴ አቅምን አሻሽሏል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ግን ያ ጥናት አይናገርም፤ ስለዚህ አሁን አላዝልዎትም።

ልቤ ወደፊት ይደክም ይሆን ለሚለው፣ ከላይ የተነገረው ጉድለት ወደ ልብ በሚመለሰው ደም እንጂ በልብ ጡንቻ ላይ ያለ ጉዳት አይደለም፤ አነስ ብሎ የተገኘውም ልብ በደንብ የሚጨምቅ ልብ ነው። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ኢኮ መነሣት አያስፈልግዎትም፤ ለእሱ የሚያወጡትን ገንዘብ ለፌሪቲንና ለቲኤስኤች ያውሉት። ኢኮው የሚደገመው ተጋድመው ትንፋሽ ካጠረዎት፣ እግርዎ ካበጠ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካለ፣ ሲቆሙ ሳይሆን በእንቅስቃሴ መካከል ራስዎን ከሳቱ፣ ወይም ከቤተሰብዎ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው እንዳለ ካወቁ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።